ከሰማይ ወደ ጠረጴዛ

ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል
ጥቅምት 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ስመኝ ናት። ቃሉ የእኔ የባሻ ወልደ ሚካኤል ነው። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ምላሴ አልታሰረም፤ ስለዚህ ስታነብ የእኔን ድምፅ እየሰማህ አንብብ።

ለእህቴ ለምሥራቅ ልጅ፣ ለኮሎኔል ተሻገር። እንደምን ከርመሃል? የሰው አገር ጣሪያ አያፍስስብህ፤ የሚስትህን የጽዮንንና የልጆችህን ፊት በቶሎ ያሳይህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደግሞ ብርድ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል።

ደብዳቤህን ስመኝ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ከእስር ወጥተህ፣ ድንበር አቋርጠህ፣ ናይሮቢ ኢስሊ በሚባል ሰፈር ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተህ የወፍጮ ሞተር እየጠገንክ መኖርህን ሰማሁ። ጽዮን ደብረ ዘይት፣ አንተ ናይሮቢ። አየር ኃይሉ ሲበተን ቤተሰብም አብሮ እንዲህ ይበተናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስፖንሰር ስላልከው ነገር፦ ከእኛ ሕንጻ አለፍ ብሎ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን አለ። ስደተኛ የሚያስመጣ ኮሚቴ አላቸው። ስመኝ ስምህን አስመዝግባለች። የእነሱ ክረምት ሲያልቅ ዘመዱን ጠርተው ይጠይቃሉ አሉ። ዘመድህ እኔ ነኝ፤ እመልሳለሁ።

አሁን አንተን ደስ የሚልህን ላውጋህ። ባለፈው ወር ኤሊቬተሩ እኔንና አንድ ሸበቶ ፈረንጅ ይዞ መሐል ላይ ቆመ። ሰውየው በጣልያንኛ ማርያምን ጠራ። ጣልያን ነው ብዬ ልቤ ጠቆረ፤ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ።

«ይህን ቋንቋ ከየት አመጣኸው?» አለኝ።

«በወረራው ጊዜ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ እያስፈለጡ ሰደቡኝ። የሰደቡኝን ተማርኩ። አንተስ ጣልያን አይደለህም?»

«ጀርመን ነኝ። በጦርነቱ ሲሲሊ ሆስፒታል ተኝቼ አንዲት መነኩሲት በማንኪያ እያጎረሰች አስተማረችኝ።»

ይኸውልህ፣ እሱ የመነኩሲት ጣልያንኛ፣ እኔ የአለቃ ጣልያንኛ እንናገራለን። እሱ ሲያወራ የሚጸልይ ይመስላል፤ እኔ ሳወራ የምማታ። ስሙ ሩፐርት ነው፤ እኔ ሲኞር ሩፐርት እለዋለሁ። አራተኛ ፎቅ ብቻውን ነው። ልጁ እሑድ እሑድ ትጠይቀዋለች።

እጆቹ እንደ ተቀቀለ ቆዳ የተጨማደዱ ናቸው። ምን ነካህ ብለው አውሮፕላን ነው አለኝ። ተሳፍረህ? አልኩት። ነጂ ነበርኩ አለ። ተዋጊ? ተዋጊ። ስንት ጣልክ? ሐኪም ዕድሜውን እንደጠየቀው ሰው፣ ወደ ጫማው እያየ «ሰባ አንድ» አለ።

ሰባ አንድ፣ ተሻገር! እኔም ዝም አላልኩም። የእህቴ ልጅ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው በምሥራቁ ጦርነት አምስት ጥሏል አልኩት። «አምስት ከሆነ በእኛ ደንብ ስም ያለው ሰው ነው» አለኝ። ስሰማ ቁመቴ ጨመረ።

አጎትህ
ባሻ ወልደ ሚካኤል


ናይሮቢ፣ ኢስሊ
ጥቅምት 26 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለባሻ ወልደ ሚካኤል፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎን መድኃኔ ዓለም ያጽናልኝ። ስመኝንም ስለ እጇ ይባርክልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጽዮንና ልጆቹም ደህና ነን ብለው ጽፈውልኛል፤ ደህና ባይሆኑም እንደማይጽፉልኝ አውቃለሁ።

ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። እኔ የጣልኩት ሦስት ነው፣ አምስት አይደለም። ለሲኞር ሩፐርት ሦስት ብለው ያስተካክሉልኝ። እንዲህ ያለ ቁጥር አብራሪ ለአብራሪ አይዋሽም፤ የሌለኝን ስም ይዤ እሳቸው ፊት መቆም አልፈልግም።

ደብዳቤዎን ባነበብኩ ቀን አልሠራሁም። እዚህ የምንኖረው ከኬንያ አየር ኃይል ሰፈር አጠገብ ነው። ጄት ሲነሣ ጓደኞቼ ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ እኔ ማንኪያዬን አስቀምጬ እሰማለሁ። የሚነዳው ልጅ ይሁን አዋቂ ከሞተሩ ድምፅ ይገባኛል። ልጅ ከሆነ ይቸኩላል። ስለዚህ እባክዎ ይጠይቁልኝ፦ መብረር ማን አስተማራቸው? ሲቃጠሉ አውሮፕላኑን እንዴት አሳረፉት? ከጦርነቱ በኋላስ ምን ሠሩ?

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ኮሚቴው ሲጠይቅዎ ደብረ ዘይት የበረራ አስተማሪ ነበር ይበሉ። ውሸት አይደለም፤ አስተምሬአለሁ። ጠቅላይ መምሪያ የሚለውን ግን አያንሡ። በደርግ ጊዜ ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዳይገባ ካናዳ ሕግ አላት ብለው እዚህ ያሉት ነግረውኛል። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የዘመቻ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። እዚያ ምን እንደ ሠራሁ እርስዎ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኩዎትም። እንዲሁ ይቆይ።

የእህትዎ ልጅ
ተሻገር


ቶሮንቶ
ኅዳር 14 ቀን 1987 ዓ.ም.

አሁንም እጁ የስመኝ ነው። ዛሬ ግን አኩርፋኛለች። ፊደሉ ቢጋደም ከእሷ ነው፣ ከእኔ አይደለም።

ለተሻገር። የደከመ ጀርባህን አምላክ ይደግፍልህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ቢቀድምም ኖሮ እንጃ።

እዚህ በኅዳር መጀመሪያ የወታደር መታሰቢያ ያደርጋሉ። ሁሉም ደረቱ ላይ ቀይ የወረቀት አበባ ይሰካል። በሕንጻችን ታችኛው አዳራሽ ሻይና ኬክ ቀረበ። ሽማግሎቹ በየተራ እየተነሡ ወንድሜ እዚህ ወደቀ፣ አባቴ እዚያ ተማረከ ይላሉ። ስመኝ ትተረጉምልኛለች። ሲኞር ሩፐርት ጥግ ይዞ፣ አበባም ሳይሰካ፣ ሻዩን ያማስላል። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ስሙን የሚያነሣ የለም።

ያደግንበትን ወግ አንተ ታውቃለህ። ጀግና በሰው መካከል እንደ ባዶ ጆንያ ተጥሎ አይታለፍም። ራሱ ካልፎከረ ወዳጁ ይፎክርለታል። ወዳጁ ማን ነው? እኔ። ተነሣሁ። ስመኝ ኮቴን ያዘችኝ፤ ኮቴን ትቼላት ሄድኩ። ከዘራዬን እንደ ጦር ጨብጬ መሐል ገባሁና፣

ደመና ልብሱ፣ ነፋስ ኮርቻው፣
ሰባ አንዱን ያወረደ፣ የት ይገኛል አቻው!

አልኩ። ሦስቴ ዞርኩ። እንዲገባቸው ደግሞ በጣልያንኛ «ሴታንቱኖ! ሰባ አንድ!» ብዬ አውሮፕላን ተቃጥሎ ሲወድቅ በእጄ አሳየሁ። በከዘራዬም እሱን አመለከትኩ።

ማንም አላጨበጨበም።

(ተሻገር ወንድሜ፣ ይቺን እኔ ስመኝ ነኝ የምጽፋት። ሰውየውን ሁሉም ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነው ብለው ነው የሚያውቁት። ከፊት የተቀመጠችው ወይዘሮ ሃሊና ፖላንዳዊት ናት። ወንድሟ በዚያ ጦርነት ከእንግሊዞች ጋር ሲበር ጀርመኖች ጥለውታል። ተነሥታ እኔ በማላውቀው በጀርመንኛ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ አንድ ቃል መለሰላት። ከዚያ ሻዩን አስቀምጦ ወጣ። አባባ እስካሁን «ምን አጠፋሁ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ አልገባውም።)

ምን እንደ ጻፈች አላውቅም፤ ስለ እኔ መሆኑን ከአፏ አየሁ። አሁን ሰው ሁሉ ሩፐርት ሲገባ ከኤሊቬተር ይወርዳል። በሩን አንኳኳሁ። እንዳለ አውቃለሁ፣ ሬዲዮው ይሰማል። አልከፈተልኝም።

ወዳጄን ከሰው አጣላሁት ይሉኛል። እኔ ያወደስኩት መስሎኝ ነው። ስለ ጠቅላይ መምሪያው ያልከውን ሰምቻለሁ። አልወደድኩትም። ከአለቃ በላይ አለቃ የነበረ ሰው አስተማሪ ነኝ ይበል? ግን እሺ።

ባሻ ወልደ ሚካኤል


ናይሮቢ
ጥር 8 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ። የዓመት ሰው ይበለን።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ። እንዳልቆጣዎት ብዬ ነው። አሁን አልተቆጣሁም፤ ደክሞኛል ብቻ።

ለሰው የማልነግረውን ልንገርዎት። ሦስተኛው አውሮፕላን በእሳት ሲያያዝ ነጂው ዘለለ። ጃንጥላው ተከፈተ። እኔ በላዩ ዞርኩ። እጁን አነሣ፤ ይሰድበኝ ይሁን ይሰናበተኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ግን አየሁት፣ እሱም አየኝ። ያ ሰው ዛሬ ቤቱ ተቀምጦ ልጆቹን ይቆጣ ይሆናል። ስለ እሱ ቢጠይቁኝ አላፍርም። ሲኞር ሩፐርት ግን ሰባ አንድ ጊዜ እንዲህ ዞረዋል ማለት ነው። ሁሉም ጃንጥላ አልተከፈተም። እንዲህ ያለውን ቁጥር ሻይ ላይ አይጠሩትም፣ ጋሼ።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ፤ ኮሚቴው ፊት አይፎክሩልኝ። ትንሽ ሰው ነው ቢሉኝ ትንሽ ነው ይበሉ። እኔ መግባት እንጂ መወደስ አልፈልግም። ትንሹ ልጄ፣ በረዶ በእጅ ይያዛል ወይ ብሎ ጽፎልኛል። ከሄድን በኋላ እነግርሃለሁ ብየዋለሁ።

ሌላ ልመና፦ የማይለብሱት ካፖርት ካለ ያስቀምጡልኝ።

ሲኞር ሩፐርት በሩን ከከፈቱልዎ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። በፊት ስለ አውሮፕላኑ ነበር የጠየቅሁት፤ እሱን ይተዉት። ከኮክፒት ወርደው ወንበር ላይ ከተቀመጡ፣ ወረቀት እየፈረሙ ሌላውን ወደ ሰማይ ከላኩ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ተኙ? ይህን ብቻ።

ተሻገር


ቶሮንቶ
መጋቢት 9 ቀን 1987 ዓ.ም.

የስመኝ እጅ ነው። ለተሻገር፤ አምላክ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። የዘገየሁት የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው።

ሩፐርት በሩን አልከፈተም፤ እሱ ራሱ መጥቶ የእኛን አንኳኳ። ስመኝ ሾርባ አቀረበችለት። ማንኪያውን በሁለት መዳፍ ነው የሚይዘው።

«ለምን ነገርካቸው?» አለኝ።

«ጀግና ዝም ብሎ ሲቀመጥ ማየት አልችልም።»

«እኔ እኮ ውቅያኖስ የተሻገርኩት ዝም ለማለት ነው» አለ። ሌላ አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

ጥያቄህን ነገርኩት። ሾርባውን ገፋና ከልጅነቱ ጀምሮ አወራኝ። አባቱ ባለ ወፍጮ ነው። የአንተን የወፍጮ ሞተር ስነግረው ፈገግ አለ። ልጅ ሆኖ ከመንደሩ ጉብታ ላይ ሞተር በሌለው የእንጨት አውሮፕላን ይንሳፈፍ ነበር። ያኔ የሚሰማው የነፋስ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ በርሬ አላውቅም አለ። ጦርነቱ ሲመጣ ሩሲያ ላኩት። «መጀመሪያ የጣልኳቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሲቆይ ቁጥር ሆኑ» አለኝ። ንጉሥ ባይኖራቸውም እንደ ንጉሥ ያለው ሰው አንገቱ ላይ ኒሻን አሰረለት። ሲሲሊ ላይ ከነአውሮፕላኑ ተቃጠለ። ሲሸነፉ የፈረሰ ከተማውን ጡብ እየተሸከመ ገነባ። ግንበኛ ነኝ ያለው ውሸት አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ አዲሱ መንግሥታቸው፣ አየር ኃይል እንደገና እናቋቁም ብሎ ጠራው። ሄደ። ግን ሰማይ አልሰጡትም። ምንጣፍ ያለው ቢሮ ሰጡት። ሥራው ልጆቹ የሚበሩበትን አውሮፕላን መርምሮ መፈረም ሆነ። አንድ ከሌላ አገር የተገዛ ፈጣን አውሮፕላን መጣ። ልጆቹ ቢሮው ድረስ መጥተው «ጌታዬ፣ ይህ ለእኛ ደመናና ጭጋግ አይሆንም» አሉት። እሱም አውሮፕላን ያውቃል፤ እውነታቸውን እንደሆነ ገባው። ለበላዩ አመለከተ። የበላዩ ጉዳዩ አልቋል አለው። ፈረመ።

መውደቅ ጀመሩ። ጦርነት የለም፣ ጠላት የለም። በጭጋግ እየገቡ ጫካ ላይ፣ እርሻ ላይ። በየቀብሩ ባርኔጣውን ይዞ ይቆማል። አንድ ቀን የሟቹ እናት ከመቃብሩ ዳር ወደ እሱ መጣች። ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ። የካፖርቱን ኮሌታ አነሣችለትና «ብርድ ነው፣ ልጄ፣ ትታመማለህ» አለችው። ማን እንደ ፈረመ አታውቅም። በማግሥቱ ሥራውን ተወ።

«በሰማይ ለገደልኩት ሸለሙኝ» አለ። «በጠረጴዛ ለገደልኩት የጠየቀኝ የለም።»

እንዴት ትተኛለህ? አልኩት። ስለ ሰማዩ አላልምም፣ ወንበሩን ነው የማልመው አለ። ለአንተ ያለው ይኸው ነው፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

ስመኝ ተዋት ብትለኝም ይቺን እናገራለሁ። ሩፐርት ወደ ሃሊና ቤት ሄዶ ነበር። ወንድሜ በወደቀበት ወር የት ነበርክ አለችው። ሩሲያ ነበርኩ አላት። «አዝናለሁ» አለችው፤ «አንተ ብትሆን ኖሮ የምቆጣበት ሰው አገኝ ነበር።» በሩን ግን አልዘጋችበትም አለኝ።

ኮሚቴው የፊታችን ቅዳሜ ጠርቶኛል። አስተማሪ ነበር እላለሁ። ቃሌ ነው። ካፖርቱ ተቀምጧል።

ባሻ ወልደ ሚካኤል


ናይሮቢ
ሰኔ 4 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለባሻ ወልደ ሚካኤል፤

ጤና ይስጥልኝ።

ከመጋቢት ወዲህ ድምፅዎን አልሰማሁም። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ስገባ ገና ከሩቅ እጇን ታወዛውዝልኛለች፣ የለም ለማለት። ትናንት ግን ጠራችኝ። ከኮሚቴው ነው። ጨዋ እንግሊዝኛ ነው የጻፉት። በቀድሞው መንግሥት አየር ኃይል ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ እንደ ነበርኩ ስለ ተረዱ ጉዳዬን አቁመውታል።

ከማን ተረዱ?

ለጽዮን አልጻፍኩላትም። የሲኞር ሩፐርትን ታሪክ ግን ደግሜ ደግሜ አንብቤዋለሁ። እሳቸው እንዲያ ሆነው ካናዳ ገብተዋል።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ተናግረዋል ወይስ አልተናገሩም? ሌላ አልጠይቅዎትም። ካፖርቱንም ለሌላ ሰው ይስጡት።

ተሻገር


ቶሮንቶ
ሐምሌ 6 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይህንም ስመኝ ናት የምትጽፈው። ሌላ ሰው ልፈልግ ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ለባዳ አይነግሩም።

ለተሻገር። አምላክ ከአንተ ጋር ይሁን፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ነህ አሁን የሚያስፈልግህ።

ተናግሬአለሁ።

እንዴት እንደሆነ ስማ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። አንዲት ቀይ መነጽር ያደረገች ሴት ታዛለች። አስተርጓሚው ደረጄ የሚባል የጴንጤ ልጅ ነው፣ ጨዋ። ሴትየዋ የእህትዎ ልጅ ምን ነበር አለች። አስተማሪ አልኩ። ጻፈች። ሌላስ አለች። ሌላ የለም አልኩ። እስከዚህ ቃሌን ጠብቄአለሁ። ከዚያ ሴትየዋ ጎረቤቷን ዞር ብላ አንድ ነገር አለች። ምን አለች? ብዬ ደረጄን ያዝኩት። «ምስኪን፣ ማንም የማያውቀው ትንሽ ሰው ነው፣ ብንረዳው ጥሩ ነው ነው ያለችው፣ ባሻ። ለእኛ ጥሩ ነው፣ ዝም ይበሉ» አለኝ።

ምስኪን! የምሥራቅን ልጅ! እግሬ ብቻውን ተነሣ። ያንን ቀን ጉልበቴ አልታወቀኝም። በሰማይ የጣልከውን፣ ከዚያም ጠቅላይ መምሪያ ወጥተህ አንድ አውሮፕላን ካለ አንተ ቃል እንደማይነሣ፣ ጄኔራሎች ደጅህን እንደሚጠኑ፣ ሁሉን ተናገርኩ። አውቄው ሳይሆን፣ እንዲያ መሆን አለበት ብዬ ነው። ደረጄን ላብ አጠመቀው። አንዲት አጭር ነገር ተረጎመ።

«ያን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ብቻ? ምን አልካቸው?»

«የእህታቸውን ልጅ በጣም ይወዱታል አልኩ፣ ባሻ። በእግዚአብሔር ይቀመጡ።»

ልጁ አዝኖልኝ እንደ ሕፃን አታለለኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። በጣልያንኛዬ ደገምኩት። ሦስተኛው ሰውዬ፣ ፓስኳሌ የሚሉት፣ የጣልያን ዘር ኖሯል። ቶሮንቶ ጣልያን እንደ ሞላባት አላሰብኩም። ቀስ ብሎ ብዕሩን አስቀመጠና ለሴትየዋ አንድ በአንድ ነገራት።

እሷም አልተቆጣችም። ይህን ነው ያልቻልኩት። «በእሱ ቃል የተነሡት አውሮፕላኖች ወዴት ሄዱ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም አዩኝ። አላውቅም አልኩ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ሰው ፊት አላውቅም ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም። ለአንተ ያልጻፍኩትም ስለ ፈራሁ ነው። ጻፊው፣ ስመኝ፣ ፈራሁ ያልኩትን።

ለሩፐርት ግን ነገርኩት። እሱን ያስገባ አገር የእህቴን ልጅ ለምን ይከለክላል አልኩ። ጮኽኩበት። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለ። «ወረቀቴ ላይ ጡረተኛ ይላል፤ ማኅተም መቱበት። ቢጠይቁኝ አንድ ጊዜ ተናግሬው ይወጣልኝ ነበር። አሁን የሚጠይቀኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ያውም በስድብ ጣልያንኛ።» ከዚያ ወዲህ ታሟል፤ ልጁ ወስዳዋለች። ሃሊና ስልኩን ጠየቀችኝ። ስመኝ ሰጠቻት።

ባለፈው እሑድ ፓስኳሌ ቤታችን መጣ። ጉዳዩ ቆሟል እንጂ አልተዘጋም አለ። ያ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ምን እንዳደረገ ራሱ ይጻፍልን፤ እናነበዋለን፣ ለጠበቃ እናሳየዋለን አለ። ይገባል አላለም። የጻፍከው የበለጠ ሊያስቀርህም ይችላል አለ። በባዶ ተስፋ አልሸነግልህም፤ እኔ ያበላሸሁትን እሱ ያስተካክላል አልልህም።

ግን ለእነሱ ባትጽፍ ለእኔ ጻፍልኝ። ወዴት ሄዱ? ከታች ምን ነበር? ኒሻንህን አውቃለሁ፣ ሦስቱን አውቃለሁ፣ እጁን ያነሣልህን ሰው ሳይቀር አውቃለሁ። ሌላውን አላውቅም። የማላውቀውን ነው ለሰው የፎከርኩልህ። ብትመጣ ግማሽህን አስቀርተህ እንዳትመጣብኝ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ የትኛውን ግማሽ እንደምስም አላውቅም። የመጣው ይምጣ፣ አነባለሁ፤ ማለት ስመኝ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ። ከቤቴም አላስወጣህም።

ይቅርታ አድርግልኝ አልልህም። እናትህን በእጄ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ ለአንተ አንገቴን አልደፋም። ካፖርቱንም ለሰው አልሰጠሁም።

በቃ፣ ስመኝ። ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ ከሰማሁ በኋላ አውራ ጣቴን አደርግበታለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢ። መሐል ላይ ይቅርታ የሚል ቃል ከራስሽ አስገብተሽ ከሆነም ዝለይውና እለፊ። አታጥፊው ግን።